የኤጀሬ ስንዴና የቢሾፍቱ አህዮች

ኤጀሬ ሁለት ናት። አንደኛዋ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከሆለታ አለፍ ብላ ያለችው፣ ብዙ ሰው አዲስ ዓለም እያለ የሚጠራት ናት። ሁለተኛዋ በምሥራቅ ሸዋ፣ ከሞጆ ወደ አረርቲ በሚያወጣው መንገድ ላይ ትገኛለች። መናኸሪያ ገብቶ «ኤጀሬ» ያለ ሰው «የቷ ኤጀሬ?» መባሉ አይቀርለትም። እኔ የምሄደው ወደ ምሥራቋ ነበር፤ ገበሬዎች የራሳቸውን ዘር የሚያስቀምጡበት፣ የሚበደሩበትና የሚመልሱበት ባንክ ያለው እዚያ ነውና።

ስለ ምዕራቧም ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ወደዚያ ሲኬድ፣ ሆለታ አካባቢ፣ እንስሳ ኮቴ የሚባል የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያስተዳድረው ነው። በሰንሰለትና በጠባብ ጎጆ ታስረው የኖሩ አንበሶች፣ ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች እዚያ ይኖራሉ። የአቦሸማኔ ግልገል በሶማሌ በኩል እየተሻገረ በዓረብ አገር ባለጸጎች ግቢ ለጌጥ የሚያድግ እንስሳ ሆኗል። ከመጠለያው እንስሳት ብዙዎቹ ዱር ቢለቀቁ አድነው መብላት አይችሉም፤ ቀሪ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት እዚያው ነው። ሰው ስለ አንበሳ ማዳን ሲነገረው ፊቱ ይፈካል፣ «እሰይ» ይላል። ስለ አህያ ማዳን ሲነገረው ይስቃል። እኔም የት እንደምሄድ ለጠየቁኝ ሁሉ «ስንዴና አህያ ላይ» እያልኩ በሳቅ ነው የተሸኘሁት።

ጉዞው የተጀመረው ከቢሾፍቱ ነው። ከተማዋን በሐይቆቿና በሆቴሎቿ ብቻ የሚያውቃት ሰው የገበሬም ከተማ መሆኗን ይረሳል። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እዚህ ነው። ዛሬ በየገበያው ስሙ የሚጠራው ቁንጮ ጤፍ ከዚህ ማዕከል ወጥቶ ለገበሬ የተለቀቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ጤፍን ማዳቀል ራሱ አይቻልም ተብሎ ሲታመን ኖሯል። አበባዋ ከዓይን የምታመልጥ ቅንጣት ናት፤ የምትከፈተውም ማለዳ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ይህን ተከታትለው የደረሱበት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ። ለዘመናት እንጀራ ስንበላ ኖረን የጤፍ አበባ በስንት ሰዓት እንደምትከፈት ያወቅነው ትናንት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ቢሾፍቱ ነው ያለው። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው ድርጅት ከዚህ ኮሌጅ ጋር ሆኖ ለረጅም ዓመታት አህዮችን ሲያሳክም ኖሯል። ድርጅቱን በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ዴቮን ውስጥ ያቋቋሙት ኤልሳቤት ስቬንድሰን ናቸው። ዴቮን ላይ መጠጊያ ያገኘች አህያ ከዚያ ወዲያ ጭነት አያገኛትም፤ ለምለም ሣር ላይ ትጦራለች። ቢሾፍቱ ላይ ታክማ የምትወጣው ግን ነገ ጠዋት እህል ልትሸከም ነው። ሕክምናውም ይህንን ያውቃል፤ ጌታዋን አይገሥጽም፣ ያስተምረዋል።

አንድ ጎልማሳ ገጣባ አህያውን እየጎተተ ሲመጣ አየሁ። ቁስሉ ከትከሻዋ ኋላ፣ አከርካሪዋ ላይ ነው፤ መዳፍ ያክላል፤ ዝንብ ወሮታል። ወጣቷ ሐኪም አጠበችው፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጣ አነሳች፣ ቅባት ቀባች። አህያዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ከማስተኛት በቀር ምንም አላሳየችም። አህያ ሕመሟን የምትደብቅ ፍጡር ናት፤ መታመሟ ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከብዷል። ሐኪሟ እጇን ተጣጥባ ስታበቃ «ጋሼ፣ እስቲ የሚጭኑበትን ያሳዩኝ» አለችው። ሰውየው ሁለት ቦታ የታጠፈ ማዳበሪያና የናይለን ገመድ አወጣ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ማዳበሪያውን ከፍ አድርጋ ይዛ «ቁስሉ እሷ ጀርባ ላይ ነው፤ በሽታው ግን ያለው እዚህ ነው» አለች።

ከዚያ ድልዳል አሠራር አሳየችው። ሁለት ረዘም ያሉ የተጠቀጠቁ ጥቅሎች ግራና ቀኝ ጎን ላይ ይውላሉ፤ መሐሉ ክፍት ሆኖ አከርካሪዋን ጭነት አይነካውም። መጠቅጠቂያው ገለባ ነው፤ ረጅሙ ገለባ እንጂ የደቀቀው አይደለም፤ የደቀቀው በሁለት ቀን ተረግጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሰውየው በትዕግሥት ሰማና «ረጅም ገለባ ከየት ይመጣል እቴ? የዛሬው ስንዴ እኮ ከጉልበቴ አያልፍም» አለ። ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ከዚያ በኋላ ኤጀሬ ደርሼ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በዚህ ሰው ቅሬታ ዓይን ነው።

ቢሾፍቱን ሳልለቅ ሌላም ነገር ልበል። በ2009 ዓ.ም. አንድ የውጭ ኩባንያ እዚህ ከተማ የአህያ ቄራ ከፍቶ ነበር። የሚፈለገው በተለይ ቆዳው ነው፤ ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ ቻይና ውስጥ ኤጂያኦ የሚባል የባህል መድኃኒት ይሠራበታል። የከተማው ሰው አጉረመረመ፣ ተቃወመ፤ አስተዳደሩም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ዘጋው። ሰው የተቃወመው ለአህያ አዝኖ ነው ቢባል ማጋነን ይሆናል። ጥቂቱ አዝኗል። አብዛኛውን ያስቆጣው ግን ጸያፍነቱ ነው፤ አህያ አትበላም፣ የምትታረድበት ቦታም አጠገባችን አይሁን የሚል። ንቀታችን አዳናት ብል ከእውነቱ ብዙም አልርቅም። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ደግሞ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ብሎ ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲከለከል ወሰኑ። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ የምትባለው አገር እኛው ስለሆንን ውሳኔው ከማንም በላይ የሚመለከተን እኛን ነው።

ሞጆን ቶሎ ነው ያለፍኩት። የቆዳ ፋብሪካ ሽታ፣ የደረቅ ወደብ ኮንቴይነር፣ የከባድ መኪና ሰልፍ። ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ነገሩ ይለወጣል። አፈሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ የሚነጥቅ፣ በጋ ላይ ኮቴ የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ስንዴው ቀልቶ ቆሟል፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚያድጉት ሽምብራና ጓያ ግን ገና አረንጓዴ ናቸው። ማሳው መሐል ግራሮች ቆመዋል። ገበሬው አይቆርጣቸውም፤ ይህ የግራር ዓይነት ክረምት ላይ ቅጠሉን አራግፎ በጋ ላይ ስለሚያለመልም ለሰብሉ ጥላ አይሆንበትም፣ ለከብቱ ደግሞ ፍሬው መኖ ነው።

የዘር ባንኩ ከውጭ ሲታይ ተራ መጋዘን ነው። ውስጡ በአንድ ወገን ስም የተለጠፈባቸው የናሙና ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ በሌላ ወገን ለብድር የተዘጋጀው ዘር በጆንያ ተቀምጧል። አባል የሆነ ገበሬ በዘር ወቅት የሚፈልገውን ዓይነት ይበደራል፤ ምርቱን ሲሰበስብ በዓይነቱ፣ ከነጭማሪው ይመልሳል። የመለሰው ዘር ንጹሕ መሆኑ ይታያል፤ የተደበላለቀ ከሆነ አይቀበሉትም። የዓይነቶቹን ስም ማንበብ ደስ ይላል፤ ጥቁር ስንዴ፣ አረንደቶ፣ ሴት አኩሪ። ይህቺ የመጨረሻዋ ስሟን ያገኘችው ከድፎዋ ይመስለኛል። በወሎ ማሽላ በኩልም እንዲህ ያለ ስም ሞልቷል፤ ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ፣ ስንዴ ለምኔ።

የዚህ ባንክ ነገር ብዙ ሰው የሚያስታውሰውን የ77ቱን ድርቅ ሳያነሱ አይነገርም። ያኔ ወሎና ትግራይ ላይ ገበሬው የበላው ምርቱን ብቻ አልነበረም፤ ዘሩንም በላ። ዘር የበላ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለትም የሚዘራው የለውም። የሚሰጠው ዘር ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ የእሱን ደጋ፣ የእሱን ቆላ አያውቀውም። የአገሪቱ የዕፅዋት ዘር ማዕከል በ1976 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ስለነበር ሠራተኞቹ በድርቅ የተመቱትን አካባቢዎች እየዞሩ የተረፈውን ዘር ሰበሰቡ። ማዕከሉን ያን ጊዜ ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ሰውየው የዘር ባንክ ኃላፊ ሆነው ሳለ በዘር ባንክ ብቻ የማያምኑ ነበሩ። ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ ክፍል፣ በታሸገ ከረጢት ውስጥ የተኛ ዘር ይተርፋል እንጂ አይማርም፤ አዲስ በሽታ፣ አዲስ ድርቅ ሲመጣ የሚለማመደው ማሳ ላይ ሲዘራ ነው። ስለዚህ ዘሩን ለገበሬው መልሰው ሰጡ፤ ገበሬው እንዲመርጥ፣ እንዲያባዛ፣ እንዲጠብቅ። ዩ.ኤስ.ሲ. ካናዳ ከተባለው ድርጅት ጋር የጀመሩት ሥራ ከኢትዮጵያ አልፎ ሌሎች አገሮች ሄዷል። በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ኤጀሬም ዘሯን አጥታ ነበር፤ በረሃብ ግን አይደለም። አጭሩ የዳቦ ስንዴ ከማዳበሪያና ከብድር ጋር ሲመጣ ረጅሙ የአገር ስንዴ ማሳውን ለቀቀለት። ለውጡ በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ በየዓመቱ አንድ ማሳ፣ አንድ ማሳ እያለ ነው የሄደው። ኋላ ገበሬው የድሮውን ሲፈልግ ቤቱ አጣው። ከዘር ማዕከሉ ተመለሰለት፤ አያቶቹ ለናሙና የሰጡት ጥቂት ዘር ተባዝቶ። ይህን ሥራ በአካባቢው ከገበሬዎቹ ጋር ሲያካሂድ የኖረው ኢትዮ-ኦርጋኒክ ሲድ አክሽን የተባለ ድርጅት ነው፤ መሥራቹ ከዘር ማዕከሉ የወጡት ዶክተር ረጋሳ ፈይሳ ናቸው።

የውጭ ሰው ይህንን ስንዴ ከእኛ ቀድሞ ነው የፈለገው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. መጥቶ፣ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ፣ በበቅሎ ጓዝ አገሩን ዞሮ ናሙናውን እያሸገ ወደ ሌኒንግራድ ልኳል። በእንዲህ ያለች ጠባብ አገር ይህን ያህል የስንዴ ዓይነት ማየቱ ሲያስደንቀው ኖረ። (እሱ ራሱ በ1943 እ.ኤ.አ. በስታሊን እስር ቤት ሞተ፤ ዕድሜውን የዓለምን እህል ሲሰበስብ የኖረ ሰው በምግብ እጦት ነው የተዳከመው።) ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስን ማሳ ቢጫ እያደረገ ሲያቀጭጭ የነበረውን ቫይረስ የተቋቋመው ዘረመልም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያን ገብስ ዘርቶ፣ መርጦ ያቆየው ገበሬ ስሙ የትም አልተጻፈም።

ከባንኩ አባላት አንዷ ወደ ሆኑ እናት ቤት የሄድኩት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ስልሳን አልፈዋል፤ ባላቸው ካረፉ ቆይቷል። ግቢው በቅንጭብ ታጥሯል። ጥንድ በሬ አለ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ምንም የማይሠሩ ናቸው። አንዷ አህያ አይሱዙ ገጭቷት አስፋልት ዳር የተጣለች ናት፤ የኋላ እግሯ ተጣሞ ድኗል፤ መሸከም አትችልም። ሌላኛዋ ጅብ ታፋዋን ቦጭቆ የተዋት አሮጊት ናት። በሩ ላይ የተኛው ውሻ ሦስት እግር ነው ያለው። በገጠር ደክሞ ከሥራ የወጣ አህያ ብዙ ጊዜ ሌሊት በሩ ይዘጋበታል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ሰው እንደ ጭካኔ አያየውም፤ ልማድ ነው።

«እማማ፣ እነዚህን ለምን ያኖሯቸዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ገለባ ስላለኝ ነዋ» አሉ፣ ጥያቄው ራሱ ትንሽ የገረማቸው መስለው።

ገለባው ከቤቱ ኋላ ተከምሯል፤ የጎረቤቱን ክምር በእጥፍ ይበልጣል። ምሥጢሩ ማሳው ላይ ነው። የእሳቸው ስንዴ ብብቴ ድረስ ይመጣል። አጭሩ ስንዴ አጭር የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ማዳበሪያ በብዛት ሲሰጠው እንዳይተኛ፣ ጉልበቱን ሁሉ ፍሬው ላይ እንዲያደርግ። ለሚሸጥ ሰው ጥሩ ነው። ከብት ላለው ቤት ግን የስንዴ ግማሹ ገለባው ነው። መኖ ነው፣ ጭቃ ማቡኪያ ነው፣ ድልዳል መጠቅጠቂያ ነው፣ ጥጃ ማስተኛ ነው። የኩንታል ቁጥር የሚጽፈው ባለሙያ ገለባውን ምርት ብሎ አይጽፈውም፤ የሚጽፍበት ሳጥንም ቅጹ ላይ የለም። የቢሾፍቱ ወተት አምራቾች ግን ገለባ በመኪና ሲገዙ ዋጋውን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ዘር ሲመርጡ አብሬያቸው ማሳው ገባሁ። ሰፌድ ይዘው ከዳር ያለውን ስንዴ ሳያዩት አለፉ፤ ከዳር ያለው ግን ዛላው የደለበ፣ ፍሬው የሞላ ነው። ይህን ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው «የዳሩ ይዋሻል» አሉኝ። ከዳር ያለ ተክል ቦታ ሰፍቶት፣ ከመንገድ የሚመጣ ፍግ ደርሶት ነው የወፈረው፤ ዘሩ ጥሩ ሆኖ አይደለም። መሐል ገብተው፣ ከጎረቤቱ ጋር እኩል ተጋፍቶ ያማረውን ነው የሚቀነጥሱት። ሁሉንም አንድ ዓይነትም አይወስዱም፤ ቀድሞ ከደረሰው ጥቂት፣ ከዘገየው ጥቂት፣ ከነጩም ከጥቁሩም። «ዝናቡ መቼ እንደሚያቆም እግዜር አልነገረኝ» አሉ። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ገብቶ በአንድ ዓይነት ዘር የተሸፈነውን የስንዴ አገር ሲያቃጥል ሳይንቲስቶቹ የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ የእሳቸው አነጋገር ግን አጭር ነው።

የተመረጠው ዛላ ከሌላው ምርት ጋር አውድማ አይወርድም። በሬ አያበራየውም። ለብቻው ቁርበት ላይ ተደርጎ በዱላ ይመታል። ስንዴ የራሱን አበባ በራሱ የሚያራባ ስለሆነ ከጎረቤት ማሳ ጋር ይዳቀላል ተብሎ ብዙም አይፈራም፤ ዘር የሚበላሸው ከታጨደ በኋላ ነው፤ አውድማ ላይ፣ ጆንያ ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ ኮምባይነር ውስጥ። ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ሲዞር በሆዱ የትናንቱን ገበሬ ስንዴ ይዞ ይመጣል። ዘር የሚያስቀምጥ ሰው ስለዚህ ማጭድ አይጥልም። ኮምባይነሩ ገለባውንም ማሳው ላይ በትኖት ነው የሚሄደው።

ከዚያ ወደ ጓዳ። ለዘር የተለየው ስንዴ በሚገባ ደርቆ፣ ከአመድ ጋር ተለውሶ ቅል ውስጥ ይገባል፤ የቅሉ አፍ በእበት ይታተማል። ሽምብራው ከጤፍ ጋር ይደባለቃል፤ ጤፉ በፍሬና በፍሬ መሐል ያለውን ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዝ መላወሻ ያጣል፤ ሲፈለግ በወንፊት መለየት ነው። የቀረው በእበትና በጭቃ የተለሰነው ጎታ ውስጥ ነው። ከምድጃው በላይ የበቆሎ ዛላ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል። እዚያ ጓዳ ቆሜ ያሰብኩት ዘሩን ይዞ ያለው አብዛኛው ነገር ከከብት የመጣ መሆኑን ነው፤ ቁርበቱ ከበሬ፣ እበቱ ከላም። እንስሳ የሌለው ቤት ዘር የሚያስቀምጠው በላስቲክ ነው፤ ላስቲክ ውስጥ ደግሞ እርጥበት ካለ ይሻግታል።

አህዮቹም ሥራ የላቸውም ያልኩት ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ፋንድያቸው ጉድጓድ ውስጥ እየተከመረ ይበሰብሳል። ለዘር በተለየችው ማሳ ላይ ግን ከበሰለ በኋላ ካልሆነ አይደርስም። «ጥሬው ሲናር ያመጣብኛል» አሉ፤ አህያ የበላችው የሲናር ፍሬ ሆዷ ውስጥ ሳይሞት ወጥቶ ማሳ ላይ ይበቅላል። ይህን የነገሩኝ እንደ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን በየስብሰባው ስለ ተፈጥሮ እርሻ ከሰማሁት ብዙ ንግግር ውስጥ እንዲህ ቁርጥ ያለ ነገር አላስታውስም።

አጥር የሚጋራቸው ጎረምሳ ጎረቤት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። አጭሩን ስንዴ ይዘራል፣ ማዳበሪያውን ይበትናል፣ ኮምባይነር ይከራያል፤ በሔክታር ከእሳቸው የበለጠ ያገኛል። «እማማ ሙዚየም ናቸው» ይለኛል እየሳቀ፣ ክፋት በሌለው ሳቅ። እሱን የምወቅስበት ምክንያት አላገኘሁም። ሦስት ልጅ ያለው፣ መሬቱ ጠባብ የሆነ ሰው ለዓለም ሲል የአያቱን ስንዴ እንዲጠብቅ ማዘዝ አይቻልም። ክረምት ላይ ግን ገለባ የሚገዛው ከማን እንደሆነ ስጠይቀው ዝም ብሎ ወደ ክምራቸው ተመለከተ።

እማማም ቅድስት አይደሉም፤ ሒሳብ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ጋሪ ነጂ የታመመች አህያ አምጥቶ «እርስዎ ዘንድ ትቆይ» ብሏቸው መልሰውታል። «ገለባው የሚበቃው ለሁለት ነው። ሦስተኛዋን ብቀበል ነሐሴ ላይ የሚራቡት ሦስቱም ናቸው» አሉ። ደጋግመው ያሰቡበት ይመስላል፤ ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከክምሩ አላነሱም። እንስሳ ማስጠለል የሚሉት ነገር ውስጡ ይህ ነው፤ መቀበል ሁሉም ይችላል፣ ነሐሴን ማሻገር ነው ከባዱ። እሳቸውን ነሐሴን የሚያሻግሯቸው የስንዴው ቁመት፣ ለዘር ሲሸጡት የሚያገኙት ትንሽ ብልጫ፣ ደግሞም ሪያድ ያለችው ልጃቸው አልፎ አልፎ የምትልከው ገንዘብ ነው። የቤቱን ቆርቆሮ የለወጠችው እሷ ናት። ተመልሳ መጥታ ይህን ዘር ትረከብ እንደሆነ ስጠይቃቸው «እሷ ኮንትራቷን ትጨርስ» ብለው ወሬ ለወጡ።

ሲመሽ አህዮቹን ቤቱ ጫፍ ላይ ወዳለው ጋጣ አስገቡ፤ በሩን በሁለት መወርወሪያ ዘጉት። ጎረምሳው በአጥሩ ላይ ሆኖ «እማማ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰሙም?» አላቸው። ይህን በየምሽቱ የሚለው ይመስለኛል። እሳቸውም መልሱን ሲያዘጋጁ የኖሩ ናቸው፤ «እኔ ባሏ አይደለሁም፤ በር ዘጊዋ ነኝ» አሉት።

አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር። አገራችን ስለ ዘርና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 482/1998 ነው። ማኅበረሰቡ ጠብቆ ካቆየው የዘር ሀብት ሌላው ሲጠቀም የጥቅሙ ተካፋይ የመሆን መብት እንዳለው ይናገራል። ሰምተው ያውቁ እንደሆነ አልኳቸው። አልሰሙም። ቢሰሙም ምን እንደሚያደርጉበት አላውቅም። እኔ እንደሚመስለኝ አዋጁ ጥሩ ነው፣ የማኅበረሰብ የዘር ባንኩም ጥሩ ነው፤ ግን ሁለቱም የቆሙት እንደ እሳቸው ባሉ ጥቂት ጓዳዎች ላይ ነው፤ ለጓዳው ደግሞ የሚከፍል የለም። ማዳበሪያ የሚደጎም ከሆነ በአንድ ቅል ሃያ ዓመት ዘር ያቆየች ሴት የማትደጎምበት ምክንያት አይታየኝም። የምርምር ማዕከሉ ሰዎችም የአዲስ ዘር ምዘናቸው ላይ የኩንታሉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የገለባውን ሸክም ቢጽፉ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምርባቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ገጠር ዘመድ ካለህ ወይም ካለሽ ለበዓል ስትሄዱ ጓዳውን ጠይቁ። ገበያ ላይ የማታገኙት ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ ወይም ባቄላ ካለ አንድ እፍኝ ሳይፈጭ ይለይ። ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የሚዘራበትን ወርና ያቆየውን ሰው ስም ጽፋችሁ በአቅራቢያው ላለ የማኅበረሰብ የዘር ባንክ ወይም አዲስ አበባ ለብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አስረክቡ። ዘሩ ያለ ስሙና ያለ ቀበሌው ከደረሰ ለተመራማሪው ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወረቀቱን አትርሱ። ኤጀሬን ማየት የምትፈልጉም ስንዴው ሳይታጨድ፣ በኅዳር ሂዱ፤ ከሞጆ ነው የሚታጠፈው።